ማመልከቻ በቻይንኛ

በቦታው የነበሩት እነዚህ ናቸው። የመንገድ ሥራው አለቃ፣ ቻይናዊው፣ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሟል፤ ወንበር ቢኖረውም አይቀመጥበትም። አስተርጓሚው ተስፋዬ በስተቀኙ ግድግዳውን ተደግፎ ጥፍሩን ያያል። የቀበሌያችን ተወካይ አቶ ግርማ በሩ ላይ ነው፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። ነገሩ ከሰመረ «ነበርኩ»፣ ካልሰመረ «አልነበርኩም» ለማለት የሚመች አቋቋም ነው፤ እንዲህ መቆም የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤት ዕድሜው ይረዝማል። ዘበኛው ጅግሶ በመስኮቱ በኩል ከውጭ ያዳምጣል። እኔ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜአለሁ። ታላቅ እህቴ እትዬ በለጡ አልነበረችም። እኔም የሄድኩት እሷ መምጣት ስላልቻለች ነው።

ምክንያቱ ቦይ ነው። ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣው መንገድ ሲሠራ በእኛ በር ፊት ለፊት አለፈ። መንገድ መሠራቱን አልጠላሁም፤ ጭቃ ስንረግጥ ያረጀን ሰዎች ነን። ነገር ግን መንገዱ ቦይ አለው፤ ቦዩም ልክ በበራችን አፍ ላይ ተቆፈረ። ሰው አያሰጥምም፤ የሰው እግር ለመስበር ግን ይበቃል። በላዩ ምንም ነገር የለም። ጎረቤት ሁሉ ሁለት ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋደመበት፤ እኛም አጋደምን። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ፈጣሪን ጠርቼ እሻገራለሁ። እህቴ ግን ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል፤ የምትሄደው በምርኩዝ ነው። ምርኩዝ ደግሞ በክብ ግንድ ላይ አይቆምም።

አናጢ ጠርቼ የሳንቃ መሻገሪያ አሠራሁ። በማግስቱ አቶ ግርማ ሰዎች ይዞ መጣና «የመንገዱን ዲዛይን ያበላሻል» ብሎ አስነሣው። ዲዛይን የሚለውን ቃል ሲናገር ድምፁን ያወፍራል። ሳንቃዎቹ የት እንደሄዱ ብጠይቅ «ይመለሳሉ» አለኝ። ቀበሌው ደጃፍ ላይ አግዳሚ ወንበር ሆነው አየኋቸው። አንድ ቀን ደክሞኝ ተቀምጬባቸዋለሁ፤ በገዛ ሳንቃዬ ላይ ተራ ጠብቄ።

የሰፈሩ ወንዶች ደግ ናቸው፤ ቃሬዛ ይዘው መጡ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እናድርስዎት ብለን ነው።»

«ቃሬዛ ላይ የምወጣው አንድ ጊዜ ነው። ያን ቀን አልከራከራችሁም። ዛሬ ግን በሕይወት አለሁ፤ ዞር በሉልኝ!»

ዞር አሉ። ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት፣ እኔ ቢሮ ለቢሮ።

በመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ውስጥ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። እዚህ ከጻፍኩት ይረዝም ነበር፤ ያን ጊዜ ገና አልሰለቸኝም። ተስፋዬ አዳምጦ ሲጨርስ ወደ ቻይናዊው ዞረና አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረገ። ቻይናዊው ግን ብዙ ተናገረ። በጣቶቹ ቆጠረ፤ በሁለት እጁ አየር ላይ አራት ማዕዘን ሠራ፤ ክንዱን ወደ ከተማው ዘረጋ። ውጪልኝ ማለቱ መሰለኝ።

«ምን አለ?» አልኩት ተስፋዬን።

«እሺ ይታያል አለ።»

«ይህን ሁሉ ተናግሮ?»

«ቻይንኛ ረጅም ቋንቋ ነው፣ እትዬ።»

አቶ ግርማ በሩ ላይ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ውጭ ይሁን ወደ ውስጥ የነቀነቀው አልለየሁም።

«ይታያል» ስለሚባለው ቃል ትንሽ ልበል። በጡረታ እስክሰናበት ድረስ በመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ በኋላም መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ይህን ቃል በእጄ ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ዓይን ያለው ሰው ያያል፤ ዓይን የሌለው መሥሪያ ቤት «ይታያል» ይላል። ማን እንደሚያይ አይነገርም። መቼ እንደሚያይም አይነገርም። ባለጉዳዩ ይህን ቃል ተቀብሎ አመስግኖ ይወጣል፤ እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ግንዱ ላይ ስደርስ ነው የተናደድኩት።

ለቀበሌው በአማርኛ አመለከትኩ። የራሴ የጽሕፈት መኪና አለኝ፤ መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግዳቸው በጨረታ የገዛሁት ነው። በሦስት ቅጂ፣ ካርቦን አስገብቼ፣ ኅዳጉን ጠብቄ መታሁት። አቶ ግርማ አነበበና «ጉዳዩ የቻይናዎቹ ነው፤ ለእነሱ ይጻፉ» አለኝ። ለካምፑ በአማርኛ ጻፍኩ። ተስፋዬ ተቀበለና ሻይ አስቀመጠበት። ይህን የነገረኝ ጅግሶ ነው።

«እትዬ፣ ወረቀትህ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ውኃ አይጠጣም» አለኝ፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። ሰውየው የሚያየውን ነው የሚናገረው።

የተስፋዬንም ምስጢር እሱ ነገረኝ። ቻይንኛውን የተማረው በካምፑ ወጥ ቤት ሽንኩርት ሲልጥ ነው፤ ና፣ ሂድ፣ ቆፍር፣ ምሳ ደርሷል፤ ከዚያ ያልፋል የሚባል አይደለም። የእህቴ ጉልበት በእነዚህ ቃላት አይነገርም። ያን ቀን ወሰንኩ፦ ለሰውየው በራሱ ቋንቋ እጽፍለታለሁ።

አሁን ሞኝነቴ ይጀምራል።

ዲላ ውስጥ ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው ነበር። አቶ መኮንን ይባላል፤ በወጣትነቱ ለእርሻ ትምህርት ቻይና ተልኮ ኖሮ ተመልሷል፤ እንደ እኔ ጡረተኛ ነው። ሄጄ ነገርኩት። ደስ አለው፤ ማንም ስለ ቻይና ጠይቆት የማያውቅ ሰው ነው።

«ንግግሩ እንኳ ጠፍቶብኛል» አለኝ። «ባለፈው ወር ሰላም ልበላቸው ብዬ ካምፕ ሄጄ ነበር። ያለችኝን ተናገርኩ። አንዱ አዳመጠኝና አካፋ ሰጠኝ።»

«አካፋ?»

«ሥራ ፈላጊ መስዬው ነው። ጽሕፈቱ ግን እጄ ላይ አለ። ወረቀት አምጪ፣ አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ።»

ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። ክዳኑንም ነቀለ። እኔ ግን «በእጅ?» አልኩ።

«ታዲያ በምን?»

«አቶ መኮንን፣ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ማመልከቻ አይደለም።»

ይህን ስል ከልቤ ነበር። የሠራሁበትን መዝገብ ቤት አውቀዋለሁ። በታይፕ የተመታ ደብዳቤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፋይል ይከፈትለታል፣ ለኃላፊው ይቀርባል። በእጅ የተጻፈ ግን የሚገባበት ፋይል «ልዩ ልዩ» ይባላል። ከ«ልዩ ልዩ» የወጣ ጉዳይ በዕድሜዬ አላየሁም። ሰው ሲሞት ወዴት እንደሚሄድ ቄሱ ያውቃሉ፤ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ። ደግሞ በእጅ ጽፌ ብወስድ «ታይፕ ማስመታት ያቃታት አሮጊት» ብሎ ይንቀኛል ብዬ አሰብኩ። ቻይና መዝገብ ቤት ይኑር አይኑር፣ «ልዩ ልዩ»ን ይወቁት አይወቁት አልጠየቅኩም።

መኮንን ብዕሩን ከድኖ ኪሱ መለሰ። «እንግዲህ የቻይና የጽሕፈት መኪና እንደ አልጋ ይሰፋል፤ ብረት ፊደሉ በሺህ ነው። ዲላ የለም። አዲስ አበባም መኖሩን እንጃ።»

«ኮምፒዩተርስ?»

«ኮምፒዩተር እንኳ…» አለና ትከሻውን ነቀነቀ። ያ ትከሻ ነው ጉድ ያደረገኝ።

ያን ጊዜ ኮምፒዩተር ለዲላ አዲስ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ሽኩር የሚባል ነጋዴ ብርድ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ግማሹን ለቆ አንድ ኮምፒዩተር አስገብቷል። ማሽኑ ከኋላው አብጦ ሙቀጫ ያክላል፤ አቧራ እንዳይነካው ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። አማርኛ የሚጽፍበትን ፕሮግራም በፍሎፒ አስመጥቶ ስለነበር ተማሪውም እድሩም እሱ ዘንድ ይሰለፋል።

«ቻይንኛ ይጽፋል?» አልኩት።

«ምን የማይጽፈው አለ፣ እማማ! ነገ ይምጡ።»

ሽኩር «የለም» የሚለውን ቃል አያውቅም። ብርድ ልብስ ሲሸጥም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊ ስትጠይቀው አረንጓዴውን ዘርግቶ «ፀሐይ ላይ ሰማያዊ ነው» ይላል። በማግስቱ ስሄድ የተውኩለትን የአማርኛ ማመልከቻ መትቶ ጠበቀኝ። አንድ ነገር ነካ ሲያደርግ ፊደሉ በሙሉ ተለወጠ። ፕሪንተሩ እየጮኸ ወረቀት ተፋ።

«ይኸው ቻይንኛ!»

አየሁት። መቀስ አለ። ስልክ አለ። ፖስታ፣ መስቀል፣ ኮከብ፣ ጣቱን የቀሰረ እጅ አለ። የእህቴ ስም ሁለት መቀስና አንድ ሻማ ሆኗል። ቻይንኛ አላውቅምና ዝም ብዬ ለመኮንን ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው።

«እህቴ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ይሄ እኮ መቀስ ነው።»

«መቀስ ምን ማለት ነው በቻይንኛ?»

«መቀስ ማለት መቀስ ነው።»

ለእህቴም አሳየኋት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘቅዝቃ መረመረችው። «ከግርማ መልስ ይሻላል፤ ቢያንስ ያምራል» አለች።

ለሽኩር ወረቀቱን መለስኩለት። አላፈረም። ሰው ሳያፍር ሲቀር የሚያፍረው ሌላው ነው፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት። «እንግዲያው ዋናውን አስመጣለሁ» አለ። መርካቶ ያለ የአጎቱ ልጅ ቻይንኛ የሚጽፍ ፕሮግራም ከአንድ ነጋዴ አግኝቶ በፍሎፒዎች ገልብጦ በአውቶቡስ ላከ። ሹፌሩ ታማኝ ሰው ነው፤ ዕቃው እንዳይጠፋበት ከፊቱ፣ ከቴፑ የድምፅ ማጉያ ላይ አስቀምጦ ነው የመጣው። እስከ ዲላ ድረስ ዘፈን እየሰማ። ሽኩር ቢያስገባው ፍሎፒው አልነበብ አለ። ማጉያው ውስጥ ማግኔት አለ፣ ማግኔት ደግሞ ፍሎፒን ያጠፋል፤ ይህን ያወቅነው ቻይንኛው ከጠፋ በኋላ ነው። ሹፌሩን ባገኘው የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ሳገኘው ግን «እናቴ፣ በዓይኔ ሥር ነው ያመጣሁት» አለኝ። ታማኝነቱን ምን ትለዋለህ?

ሌላ ተላከ። ይኸኛው ተነበበ። ሽኩር ጫነና ጻፈ፤ ወረቀቱ ላይ ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ወጡ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ባዶ፤ የሚከራይ ክፍል ይመስላሉ።

«አሁንስ?» አለኝ ሽኩር በኩራት።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።»

«ቻይናዎቹስ አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?»

በዚህ ጊዜ ተቆጣሁ። ድምፄን አላነሣሁም፤ አንሥቼም አላውቅም። «ሽኩር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል ስመታ ነው የኖርኩት። ፊደል ሁሉ አንድ ከሆነ ማንም ምንም አልተናገረም ማለት ነው» አልኩትና ወጣሁ። ሽኩር ሌላ ፍሎፒ ጎድሎ ኖሮ፣ የፊደሉ መልክ ያለበት፣ እሱን ሊያስልክ ስልክ ቤት ሲሮጥ አየሁት።

በዚህ መሃል ወናጎ የምትኖረው ወይዘሮ አበበች ሞተች።

ከእህቴ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ናቸው። መርዶውን የሰማነው በጠዋት ነው። ጎረቤቱ ለቀብር ሲወጣ እየተያያዘ ግንዱን ተሻገረ። እህቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሩ ድረስ ሄደች። ምርኩዟን ግንዱ ላይ አሳረፈች፤ ተንሸራተተ። ደግማ አሳረፈች። ከዚያ ተመለሰችና ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች። ከቀብር የሚመለሱት ሰዎች እስኪመጡ ድረስ አልተነሣችም። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል ሀገሬው ያውቃል፤ ማንም ግን አላላትም። ያ ይብሳል።

ማታ እራት ሳቀርብላት እንዲህ አለችኝ፦ «ለአርባዋ ከዚህ በር በእግሬ ወጥቼ እሄዳለሁ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ። ቻይንኛሽ ደርሷል?»

«አልደረሰም።»

«አበበች እኔን ስትጠብቅ አርባ ቀን ነው ያላት። ቻይንኛሽን ንገሪው።»

የቀረው ፍሎፒ መጣ፤ በዚህ ጊዜ በተሳፋሪ ኪስ። ግን ማሽኑ ሞላ። «ቻይንኛ ትልቅ ነው፣ ኮምፒዩተሩ ጠበበው» አለ ሽኩር፤ ከዚያም ምክር ሳይጠይቅ አማርኛውን ከማሽኑ አወጣው። እንዲህ ሆኖ በዚያ ሰሞን ዲላ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ያለችው ኮምፒዩተር አማርኛ ረስታ ቻይንኛ ብቻ ታውቅ ጀመር። ተራ የሚጠብቀው ሰው ጉድ አፈላ። የኮሌጅ ተማሪዎቹ ጥናታቸው ሳይጻፍ ቀነ ገደብ ሊያልፍባቸው ነው። የእድሩ ጸሐፊ ደንቡን እስከ ገጽ አጋማሽ አስመትቶ ቀሪው ቀርቶበታል።

«እትዬ» አለኝ የእድሩ ጸሐፊ፣ «ቻይና ሀገር ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያስ በፈጠረዎት! የአባላት ግዴታ ላይ ደርሰን ነው የተቋረጠው። መብታቸውን ጽፈን ግዴታቸው ቀረ።»

«ሰው ደስ ይለው የለም እንዴ?» አለ አንዱ ተማሪ ከኋላ። «በዚሁ ይጽደቅ!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። መኮንንን ይዤ ገባሁ።

ቻይንኛ በኮምፒዩተር የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል ትመታለህ፤ ከሥር ያን ድምፅ ያላቸው ምልክቶች ተሰልፈው ይመጣሉ፤ የምትፈልገውን ትመርጣለህ። ይህ ለሚያውቅ ነው። መኮንን ምልክቱን እጁ ያስታውሰዋል፤ ድምፁን አፉ ረስቶታል። አየር ላይ በጣቱ ይጽፍና «እሷ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ስሟ ጠፋኝ» ይላል፤ እንደ ድሮ ጎረቤት። ድምፁ ትዝ ሲለው ደግሞ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። «ይህች አይደለችም… ይህችም አይደለችም… እህቷ ናት መሰለኝ…» እኔ ከጎኑ ሆኜ ቁልፉን እመታለሁ። ሽኩር ከኋላችን ብርድ ልብስ ይሸጣል። ተሰላፊው ይሳደባል። «እህቴ በእግሯ መውጣት ትፈልጋለች» የሚለው ብቻ ከምሳ በኋላ እስከ ምሽት ድረስ ፈጀ። ሊያልቅ አንድ መስመር ሲቀረው መብራት ሄደ።

 የእድሩ ጸሐፊ ደንቡን ታቅፎ እየዳበሰ ወደ በሩ ሄደ።

«አስቀምጠኸው ነበር?» አልኩት ሽኩርን በጨለማው።

«የት?»

እኔ ሰው ረግሜ አላውቅም። ያን ቀን ከሱቁ ወጥቼ፣ ማንም በሌለበት፣ ግድግዳ ረገምኩ።

በማግስቱ እንደገና ጻፍነው። መኮንን ቢያንስ ምልክቶቹን ተላምዷቸው ስለነበር ፈጠነ። በየመስመሩ «አስቀምጥ» እለው ነበር ሽኩርን፤ እሱም በየመስመሩ «ተቀምጧል፣ እማማ፣ ተቀምጧል» ይለኛል፣ ለለቅሶ ቤት እንግዳ ወንበር የሚሰጥ ይመስል። ወረቀቱ ሲወጣ መኮንን በእጁ ይዞ ዳር ዳሩን አየው። «ይህ ቻይንኛ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር፤ ሰበቡን ግን የፕሪንተሩ ሽታ ላይ አደረገ። ሽኩር ወዲያው አማርኛውን ሊመልስ ተጣደፈ፤ ተሰላፊው አጨበጨበ። ለእኔ አልነበረም ጭብጨባው።

ያን ጊዜ የወይዘሮ አበበች አርባ ሊሆን አንድ ቀን ቀርቶ ነበር።

ከሱቁ በቀጥታ ካምፕ ሄድኩ። ጅግሶ በሩን ከፈተልኝ፦ «መጣህ እትዬ? ግባ፣ ሰውየው ብቻውን ነው። ተስፋዬ ምሳ ሄዷል።» ብቻውን መሆኑ እግዜር የሠራልኝ ነገር ነው። ቻይናዊው እንደ ልማዱ ቆሟል። ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠሁት።

አነበበ። ደግሞ አነበበ። ጣቱን አንዱ ቃል ላይ አድርጎ አየኝ፤ ከዚያ ጉልበቱን ነካ። አዎን አልኩ፣ እኔም የራሴን ጉልበት ነካሁ። ፊቱ ቀላ። አንድ ነገር በቁጣ ተናገረ፤ ቁጣው ግን ወደ እኔ አልነበረም፤ ዕድሜ ያለው ሰው ይህን ለመለየት አስተርጓሚ አያሻውም። ባርኔጣውን አደረገ፤ ወጥቶ የፒክአፑን በር ከፈተልኝ። ጅግሶ ገፋ አድርጎ አስገባኝ።

ወደ ቤቴ የሚወስደኝ መስሎኝ ነበር። አልፎት ሄደ። የቆመው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ዞረና በእጁ አሳየኝ።

ሶሌታ ነበር። የኮንክሪት ሶሌታ፣ አራት ማዕዘን፣ ልክ ለቦይ ክዳን የሚሆን፣ እስከ መስኮቱ ድረስ ተደራርቦ። በዳሩ ሣር በቅሏል። ከላዩ የቀበሌው ዘበኛ ሸሚዝ ተሰጥቷል። ቻይናዊው በሁለት እጁ አየር ላይ አራት ማዕዘን ሠራ። የመጀመሪያ ቀን የሠራውን ነው። ያን ቀን በክንዱ ያሳየው ወደዚህ ነበር። ለየቤቱ አሠርቶ ካስረከበ ቆይቷል፤ ይህን ሁሉ በቻይንኛ ነግሮኛል፤ እኔ «ይታያል» ተብዬ ወጥቻለሁ። አቶ ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ሲነቀንቅ ሶሌታው እዚህ ነበር። ሳንቃዬን ሲያስነሣ ሶሌታው እዚህ ነበር። አበበች ስትቀበር ሶሌታው እዚህ ነበር።

አቶ ግርማ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ቻይናዊውን ሲያይ ፈገግ አለ፤ እኔን ሲያይ ፈገግታውን ግማሹን መለሰ።

«አቶ ግርማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሶሌታ ነው፣ እትዬ።»

«የማን ነው?»

«የሕዝብ ነው።»

«ሕዝቡ ግንድ ላይ እየተንገዳገደ ነው። ለምን አልተሰጠም?»

«እንዲሁ አይሰጥማ! የርክክብ ሥነ ሥርዓት አለው። የክብር እንግዳ ከአዋሳ ይመጣል ተብሎ እየተጠበቀ ነው። ዝግጅቱ አልቋል፤ ሪባንም ተገዝቷል።»

«ሪባን ተገዝቷል?»

«ቀይ።»

«ጉዳዩ የቻይናዎቹ ነው ያልከኝስ?»

«የተሠራው በእነሱ አይደል?»

«አቶ ግርማ፣ ነገ የወይዘሮ አበበች አርባ ነው። እህቴ ከቤት በእግሯ ትወጣለች።»

«ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሴት ነበሩ። ግን ከሥነ ሥርዓቱ በፊት አንድ እንኳ ቢነሣ ቁጥሩ ይጎድላል። እንግዳው ሲቆጥሩ ምን እንላለን? ትንሽ ይታገሡ፣ ጉዳዩ…»

የሚቀጥለውን ቃል አውቀው ነበር። እንዲጨርሰው አልጠበቅኩም። ከመንገዱ ማዶ ቡና መጋዘን አለ፤ ጆንያ የሚያወርዱት ተሸካሚዎች ጋሪያቸውን አቁመው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሄጄ ሰላም አልኳቸው። የእትዬ በለጡ እህት መሆኔን ያውቃሉ፤ የቦዩንም ነገር ያውቃሉ፤ ቃሬዛውን ይዘው የመጡት እነሱ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው አንዱ ምራቁን ተፋና ተነሣ፤ ሌሎቹም ተነሡ።

የዘበኛውን ሸሚዝ አጣጥፌ ለዘበኛው ሰጠሁት። ተሸካሚዎቹ የላይኛውን ሶሌታ ያዙ። ከበዳቸው። ቻይናዊው ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ጣለና አራተኛውን ማዕዘን ራሱ ያዘ። ጋሪው ላይ ሲያርፍ ጎማው ጮኸ።

«እትዬ፣ ሕገ ወጥ ነው!» አለ አቶ ግርማ። በጋሪውና በበሩ መሃል ገብቶ ቆመ። «እኔን ያስጠይቀኛል! ቢያንስ ስብሰባ…»

«አቶ ግርማ፣ ዞር በል» አለው ፊተኛው ተሸካሚ። «ጋሪ ፍሬን የለውም።»

ዞር አለ። ጋሪው ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ።